ውሃ ያልገባበት እሳት

በሃያ ስድስት ዓመት የቤተ ሙከራ ሥራዬ ተማሪዎቼን ዝም ያሰኘልኝ አንድ ሙከራ ብቻ ነው። ነጭ መሀረብ አልኮልና ውሃ በተቀላቀለበት ቢከር ውስጥ እነክራለሁ፤ በመቆንጠጫ አወጣዋለሁ፤ ክብሪት ጭሬ አስጠጋዋለሁ። መሀረቡ ከዳር እስከ ዳር ይነድዳል። እሳቱ ሲጠፋ ጨርቁ እንደ ነጭነቱ ነው፤ ጠርዙ እንኳ አይጠቁርም። የሚነድደው አልኮሉ ነው፤ ጨርቁን የሚጠብቀው ውሃው ነው። ልኩን እዚህ አልጽፍም። አንዴ ለአንድ ሰው ነግሬ የሆነውን አይቻለሁ።

ያ ሰው የእህቴ ባል ነው። ሰባኪ ነው፤ ድሮ የዕቃ መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ በየእሑዱ ሦስት መቶ ያህል ሰው ይሰበስባል። እኔ የምኖረው እነሱ ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። እናታችን ስትሞት እኔ አራት ዓመቴ፣ እህቴ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስሟን ጠርቼ አላውቅም፤ እትዬ ነው የምላት። እኔን ደግሞ ተማሪዎች «ሲሲ» ይሉኛል፤ ስለማንኛውም ነገር «ስንት ሲሲ?» ብዬ ስለምጠይቅ። ሰባኪው ይህን ሰምቶ በጣም ስቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እሱም ሲሲ ይለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ ድረስ መጣ። ተማሪዎች ወጥተዋል፤ እኔ ቱቦዎች እያጠብኩ ነበር።

«ሲሲ፣ ያቺን የመሀረብ ነገር አሳየኝ እስቲ» አለኝ፣ ወንበር እየሳበ።

«ለምንዎ ነው ጋሼ?»

«ለእሑድ። በበረሃ ስለነደደው ቁጥቋጦ ነው የምሰብከው። ነደደ፣ ግን አልተቃጠለም፤ እግዚአብሔር በመካከሉ ነበረ፤ እላለሁ። ያዛጋሉ። አንድ ጊዜ በዓይናቸው ቢያዩት ግን ማን ያዛጋል?»

አሳየሁት። አፉን ከፍቶ አየ፤ መሀረቡን ከእጄ ነጥቆ በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠው። ልኩን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ስለ ውሃው ግን ይንገሯቸው» አልኩት።

«እንዴ! እነግራቸዋለሁ እንጂ። ምሳሌ አይደል? ምሳሌ ምን ይደበቃል?»

በመጀመሪያው እሑድ ቃሉን ጠብቋል። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። «ወገኖቼ፣ ይህ ምሳሌ ነው፤ የእጅ ሥራ ነው» ብሎ ጀመረ። መሀረቡ ነድዶ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ሦስት መቶ ሰው በአንድ ላይ ትንፋሹን ያዘ። እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት ለዚያች ትንፋሽ ስል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ይህንኑ ሙከራ ማስቲካ ለሚያኝኩ ልጆች ሳሳይ ኖሬአለሁ።

ነገር ሲለወጥ በየትኛው ቀን እንደተለወጠ መመዝገብ ልማዴ ነው። በሁለተኛው እሑድ «ምሳሌ» የሚለውን አንዴ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ፣ ለስለስ አድርጎ ተናገረው። በሦስተኛው ስለ ውሃው ምንም አላለም። በአራተኛው ምሳሌ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። በአምስተኛው መሀረቡን በገዛ መዳፉ ላይ አነጠፈና ለኮሰው። «እሱ ባለበት እሳቱ አይበላም» አለ። ሰዎች ተንበረከኩ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ግን አልቻለችም፤ ብድግ ብላ ነጠላዋን እጁ ላይ ጣለችና አጠፋችው። ሰባኪው በጣም ተቆጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ፦ እሳቱን የሰው እጅ አያጠፋውም፤ ራሱ እንደመጣ ራሱ ይሄዳል።

ሕጉን የሚያስከብረው ሰዓት ሠሪው ነበር። የሽማግሌዎቹ አለቃ ነው፤ ደረቅና ሐቀኛ ሰው። በየእሑዱ ከመድረኩ ሥር ቆሞ በኪስ ሰዓቱ እሳቱን ይቆጥራል፣ ጮክ ብሎ፣ አንድ፣ ሁለት እያለ። ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ላይ ይጠፋል። እኔ እርጥብ ፎጣ አጠገባችን ይኑር ብዬ ነበር፤ በቤተ ሙከራ ያለ እርጥብ ፎጣ ክብሪት አልጭርም። ሰባኪው ትከሻዬን መታ አድርጎ «ሲሲ፣ ፎጣ ያየ ሕዝብ ፎጣውን ነው የሚያምነው» አለኝ። ነገሩ ትክክል ነበር።

አልኮሉን ከትምህርት ቤት ነበር የማመጣው፤ ለማንም አልተናገርኩም። ጀሪካኑ እህቴ ኩሽና ውስጥ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ይቀመጣል። እሑድ ጠዋት እነሱ ሲለባብሱ ልኩን በሲሊንደር ለክቼ እቀላቅላለሁ፤ ሰባኪው መድረክ ላይ ይዞት የሚወጣውን የብርጭቆ ጠርሙስ ላዩ ላይ እስከተለጠፈው ወረቀት ታችኛ ጠርዝ እሞላዋለሁ። ሁልጊዜ እዚያው ጋ። እትዬ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ ባሏ «የእጅ ማጽጃ ነው» ብሏታል። ይህም ውሸት አይደለም።

በዚያ ወቅት መጽሐፉን በእርሳስ እየሠመርኩ ማንበብ ጀመርኩ። እሳት በመጣበት ቦታ ሁሉ ምልክት አደረግሁ። ሁለት ዓይነት እሳት አገኘሁ። አንዱ ያርፋል፤ ቁጥቋጦው ላይ አረፈ፣ እቶን ውስጥ የተጣሉት ሦስቱ ወጣቶች ዙሪያ ነበር፣ በተሰበሰቡት ራስ ላይ እንደ ልሳን ተቀመጠ፤ ፀጉር እንኳ አላሳረረም። ሌላው ይበላል፤ መሥዋዕቱን ከእንጨቱ ጋር በላ፣ ያልታዘዙትን እሳት ይዘው የገቡትን የካህኑን ሁለት ልጆች በላ። ለማንኛውም ሙከራ እንደማደርገው ልዩነቱን ፈለግሁ፤ የትኛው መቼ እንደሚሆን የሚወስነው ምንድን ነው? አላገኘሁትም። የሚወስነው የሚነድደው ሰው በእጁ የያዘው ነገር አይደለም፤ ይህን ብቻ አረጋግጫለሁ። ለሰባኪው ስነግረው ወረቀቴን ተቀብሎ በጥሞና አነበበና «አምላክን በሲሊንደር ልትለካው ነው?» ብሎ ሳቀ። ወረቀቱን ግን አልመለሰልኝም።

ስለ እህቴ ልንገራችሁ። ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ሃያ ዓመት ካውያ ይዛለች። የካውያውን ሙቀት የምታውቀው ጣቷን በምራቋ አርሳ ነካ በማድረግ ነው፤ ቴርሞሜትሬን አምጥቼ አንዴ አመሳከርኩት፤ ከሦስት ዲግሪ በላይ አልሳተችም። ዝምተኛ ናት። ጉባኤው ሲያለቅስ አታለቅስም፤ ሲጮህ አትጮህም፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ባሏ ይህን አይወድም። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ቆሞ «እኔ ቤት ፍሪጅ መግዛት አላስፈለገኝም፤ አግብቼዋለሁ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች፤ ከሁሉም ዘግይታ፣ ከሁሉም ቀድማ አቆመች። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ «እትዬ ፍሪጅ» ይሏት ጀመር። «እትዬ ፍሪጅ፣ ትንሽ በረዶ አታበድሪንም?» ይላሉ ምሳ ዕቃ ሲያጥቡ፤ በፍቅር ነው የሚሉት ተብሎ ይታለፋል።

በዐሥረኛው እሑድ ሰዓት ሠሪው ከስብከቱ በኋላ ተነሳና፣ እሳቱ በአንድ ሰው እጅ ላይ ብቻ ለምን ያርፋል፣ ለሴቶቹስ፣ ብሎ ጠየቀ። ሰባኪው ፈገግ ብሎ «በሚቀጥለው እሑድ የመጀመሪያዋ ሚስቴ ትሁን» አለ። «እሷን ካሞቀ ሁላችሁንም ያሞቃል።» ሳቅ ሆነ። እሷን አየኋት። አልሳቀችም። እጇን ከጭኗ ላይ አንሥታ መዳፏን ገልብጣ ተመለከተችው።

ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎን ገብቼ የባሏን የነገ ሸሚዝ ስትተኩስ አገኘኋት። አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ስትሄድበት አየሁ። አንድን መስመር ሁለት ጊዜ ተኩሳ የማታውቅ ሴት ናት።

«እትዬ፣ ዛሬም አልበላሽም?»

«ነገ። ከዚያ በኋላ።»

«ትወድቂያለሽ አንቺ ሴትዮ።»

«ልውደቃ። ክስት ያለ እንጨት ቶሎ ይይዛል አይደል? ሳይንስ የምታውቀው አንተ ነህ» አለችና ሳቀች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ፈርተሻል?»

ካውያውን አቆመችው። «እሳት አልፈራም። እሳት እንጀራዬ ነው። የምፈራው... አላውቅሽም ካለኝስ?»

«ማን?»

«እሱ ነዋ። እሳቱ። ባልሽን አውቀዋለሁ፣ አንቺን ግን አላውቅሽም ቢለኝስ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

አልቻልኩም። ሦስት ቀን የተራበች እህቴ ናት፤ የምትፈራው ነገር ደግሞ የለም። የሌለን ነገር የሚፈራን ሰው ማስረጃ አሳይቶ ማረጋጋት ሥራዬ ነው። «ነይ» ብዬ ኩሽና ወሰድኳት። ጀሪካኑን አወጣሁ፤ ሲሊንደሩን አሳየኋት፤ አልኮሉ ይህን ያህል፣ ውሃው ይህን ያህል ብዬ በጣቴ ምልክቱን አመለከትኳት። ጨርቅ ነክሬ ማጠቢያው ላይ ለኮስኩላት። ነድዶ ጠፋ። በእጇ ዳሰሰችው።

«አየሽ? አያቃጥልሽም። የማንንም እጅ አያቃጥልም። ውሃው ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እሱ ያውቃል?»

«ልኩን የነገርኩት ለእሱ ነው።»

የኩሽናዋን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። በባሏ ትናደዳለች ብዬ ጠበቅሁ። ጨርቁን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ በአራት፣ ጠርዙን ከጠርዙ ጋር አስተካክላ።

«ያ ነቢይ» አለች፣ «ተራራው ላይ መሠዊያ የሠራው፣ እንጨቱ ላይ ውሃ አስፈስሷል አይደል?»

«አዎ። ሦስት ጊዜ።»

«ለምን?»

«እሳቱ ከሰማይ ካልመጣ በስተቀር እንዳይነድ። ማታለል ነው እንዳይባል።»

«እና እሳቱ ውሃውንም ላሰው።»

«ላሰው።»

«እሱ እንዲከብድ ነው ያፈሰሰው» አለች። «እናንተ እንዲቀል ነው የምታፈሱት።»

ሳቅሁ። ጥሩ ክርክር ነበር። በምክንያት የሚናገር ተማሪ ሳገኝ ደስ እንደሚለኝ ደስ አለኝ፤ ከዚያ በላይ ምንም አላሰብኩም። «እንግዲህ አትፍሪ» አልኳት።

«አልፈራም» አለች። እውነቷን ነበር። ወደ ካውያው ተመልሳ የቀረውን እጅጌ ተኮሰች፤ እያንዳንዱን መስመር አንድ ጊዜ ብቻ ሄደችበት። ያረጋጋኋት እኔ ነኝ ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

እሑድ ጠዋት እንደ ወትሮው ለክቼ ቀላቀልኩ፤ ጠርሙሱን እስከ ወረቀቱ ታችኛ ጠርዝ ሞላሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ቀድሜ ወጣሁ።

አዳራሹ ሞልቶ በሩ ላይ የቆሙ ነበሩ። ሦስተኛው ረድፍ፣ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰባኪው ያን የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ጠርሙሱ መድረኩ ላይ ከመጽሐፉ አጠገብ ነበር። እኔ ለማየት የሠለጠንኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ አየሁ። ፈሳሹ ከወረቀቱ ታችኛ ጠርዝ በሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሏል።

እኔ የሞላሁት አይደለም። ይህን ባወቅሁበትና ክብሪቱ በተጫረበት መካከል ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ነበር። ምናልባት እትዬ ውሃ ጨምራበት ይሆናል፣ ለጥንቃቄ፣ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ትላንት የተናገረችውን የሰማሁ እኔ ነኝ። የጨመረችው ከጀሪካኑ እንጂ ውሃ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ተነስቼ «ቆዩ» ብል፣ ለምን ተባልኩ፤ ለምን እንደሆነ ብናገር፣ ዐሥር እሑድ የተነፈሰው ትንፋሽ ሁሉ የእኔ ጀሪካን ሆነ። አልተነሳሁም።

«ዛሬ እሳቱ ሥራ ይበዛበታል» አለ ሰባኪው። «መጀመሪያ በረዶውን ማቅለጥ አለበት።» ሳቁ።

እትዬ ወጣች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ እጅጌው ረጅም ነው። ሰባኪው ጠርሙሱን ሊያነሳ ሲል ቀደመችው። እሱ መሀረቡን ርስ ያደርገዋል እንጂ አያፈስም፤ እሷ መሀረቡን ቀኝ መዳፏ ላይ አንጥፋ እስኪንጠባጠብ፣ በክንዷ ወርዶ እጅጌዋ እስኪርስ በግራዋ አፈሰሰችበት፤ ከዚያ በሁለቱም መዳፎቿ ላይ ዘረጋችው። ሽታው ሦስተኛው ረድፍ ድረስ መጣ። ሁለት እጇን ዘርግታ ጣሪያውን አየች። ሰባኪው ክብሪቱን ጫረ።

የእኔ እሳት ሰማያዊና ስስ ነው። ይሄኛው ቢጫ ነበር፤ ወደ ላይ በጣም ረጅም።

«አንድ» አለ ሰዓት ሠሪው።

ፊቷ በራ። ይህን እንደ አባባል አይደለም የምለው፤ ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ አገጯን፣ ከንፈሯን፣ ዓይኖቿን አበራው፤ ፈገግ ስትል አየኋት፤ በሕይወቴ ሙሉ እንዲህ ፈገግ ስትል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ሁለት። ሦስት። አራት።»

ፈገግታው ባለበት ደረቀ። ክንዶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ግን አላወረደቻቸውም። በስድስት እጅጌዋ ያዘ። ሰባኪውን አየሁት። ገብቶታል። ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ፣ እሷን አየ። ሁለት እርምጃ ከእሷ ራቀ። ከዚያ መዳፉን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ።

«ማንም እንዳይነካ!» አለ። «እየሠራ ነው! የሰው እጅ አይግባበት!»

ስምንት ላይ ተነሳሁ። ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ከሰዓቱ ሳያነሳ ባዶ እጁን ደረቴ ላይ አደረገ። «ተቀመጥ ወንድሜ። ራሱ ይጠፋል። ዘጠኝ።» ሽማግሌ ነው፤ ክብደቱ የእኔን ግማሽ አይሆንም። በአንድ እጄ ገፍቼው ማለፍ እችል ነበር። ተቀመጥኩ።

ዘጠኝ ላይ አልጠፋም። ዐሥራ አንድ ላይ ከእሷ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ጩኸት አይደለም፤ ትኩስ ነገር የዋጠ ሰው የሚያወጣው ዓይነት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ የደስታ መስሏቸው ነው። ዐሥራ ስድስት ላይ ተንበረከከች፤ እጆቿን ግን እንደዘረጋች ነበር፤ ሰው ትሪ ይዞ እንደሚንበረከክ። ሽታው ተለወጠ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የነበሩት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። ሰዓት ሠሪው ድምፁ እየተሰበረ ቆጠረ፤ አላቆመም። ሃያ ሦስት ላይ እሳቱ ራሱ ጠፋ።

ያኔ ብቻ ሰው ሁሉ ሮጠ።

ሰባኪው ሕዝቡ ሳይበተን ተናገረ። እሷን በጋቢ ጠቅልለው ወደ መኪና ሲወስዷት ድምፁ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር። «ሁለት ዓይነት እሳት አለ፣ ወገኖቼ» ይላል። «የሚያርፍ እሳትና የሚበላ እሳት። ቁጥቋጦው ላይ ያረፈው እሳት ነው መሥዋዕቱን የበላው። የሚበላው የሚበላ ነገር ሲያገኝ ነው።» አባባሉ ከእኔ ወረቀት ነው። መጨረሻው ብቻ የራሱ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ከቀኝ እጇ ሦስት ጣት ተቆረጠ። ግራው ቆዳው ነው የሄደው፤ ጅማቱ አልተነካም፤ ይድናል አሉ። ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ እኔ አጠገቧ ቆሜ ጥልቀቱን አይ ነበር፤ «ሐኪም ነህ እንዴ?» አለችኝ። አይደለሁም አልኳት። «ታዲያ ምን ታፈጥበታለህ? ወጣ በል!»

ረቡዕ ከሰዓት፣ በመጠየቂያ ሰዓት፣ ሰባኪውና ሰዓት ሠሪው አብረው መጡ። ሰባኪው የአልጋው ራስጌ ጋ ቆመ። ሰዓት ሠሪው ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ግርጌው ጋ ቀረ፤ ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው።

«እንዴት ነሽ እህቴ?» አላት።

«ደህና ነኝ፤ ይመስገን።»

«አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ። ወደ ሰባኪው ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ቆጣሪ ነኝ። አምስት እሑድ ቆጥሬአለሁ። ዘጠኝ፣ አንዳንዴ ስምንት፤ ዐሥር ደርሶ አያውቅም። እሑድ ሃያ ሦስት ሆነ። መልኩም ሌላ ነበር። አንድ ሰዓት በድንገት እንዲህ ከዘለለ፣ ውስጡን ከፍቼ አያለሁ እንጂ ጊዜው ነው የተለወጠው አልልም።» ኮፍያውን አዞረው። «ጠርሙሱ ውስጥ ምንድን ነው የነበረው? ሲሲ፣ አንተ ታውቃለህ ይላሉ።»

ሰባኪው አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታየኝ ነበር። ተናግሬ ልገላገል ብዬ ቆረጥኩ፤ ይህን እምላለሁ። ሥራዬ ይሂድ፣ ክፍሌ ይሂድ። አፌን ከፍቼ ነበር።

«የእጅ ማጽጃ ነው» አለች እትዬ።

«እትዬ...»

«አንተ ዝም በል! ትልቅ ሰው ሲናገር አፍህን አትክፈት።» በልጅነቴ እንደምትቆጣኝ ነበር የተቆጣችኝ። ከዚያ ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረች። «ጠርሙሱ ምንም የለበትም አባቴ። እሳቱ ንጹሕ ነበር። ቀዝቃዛው እኔ ነኝ። እሱ ሲናገር ሰምታችሁ የለ እንዴ? ፍሪጅ ናት ይላችሁ የለ?»

ሰዓት ሠሪው ምን እንዳሰበ አላውቅም። ራሱን ነቅንቆ ኮፍያውን አደረገና ወጣ። ሰባኪው ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳመ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ የእፎይታ ነው። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አላትና ተከትሎት ሄደ። ከጥቂት ቀን በኋላ አዳራሹ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ለእሷ እንደተለየ ሰማሁ፤ ለምልክት ነው አሉ፤ ሰው ሁሉ ሲገባና ሲወጣ እጇን እንዲያይ።

ብቻችንን ስንቀር «ለምን?» አልኳት። «ለምን እትዬ? አሥር ቃል ብቻ ነበር የቀረኝ።»

«ውሃ አጠጣኝ።»

ብርጭቆውን አፏ ላይ ያዝኩላት። ጠጥታ ራሷን ወደ ትራሱ መለሰች።

«መጀመሪያ ላይ አላቃጠለኝም» አለች። «ስማኝ። እሳቱ እጄ ላይ ነው፤ እያየሁት ነው፤ ግን አያቃጥልም። ይቀዘቅዛል። የሚያምር ቅዝቃዜ፤ ለስለስ ያለ። ማንም እንደዚያ አድርጎ እጄን ይዞኝ አያውቅም። እዚያ ነበረ። አወቀኝ። አሁን አንተ ጠርሙሱ ውስጥ ይሄ ነበረ፣ ያ ነበረ ብለህ ብትናገር፣ እሱም የጠርሙሱ ይሆናል። አትውሰድብኝ።»

አልኮል ሲተን ሙቀት ይወስዳል። በየዓመቱ ፈተና ላይ የማወጣው ጥያቄ ነው፤ ሁለት ነጥብ ይይዛል። ክንዷ ላይ የፈሰሰው ብዛት፣ የመሀረቡ ውፍረት፣ የአዳራሹ ሙቀት፤ ሁሉንም አስልቼዋለሁ፤ ቅዝቃዜው ከሦስት ሴኮንድ ያልበለጠ ነው።

«እስከ ስንት ቆየ?» አለችኝ። «አንተም ትቆጥር ነበር። ፈገግ ማለቴን ያወቅሁት ሰዓት ሠሪው አንድ ሲል ነው። ከዚያ እስከ ስንት?»

በሕይወቴ አንድ ጊዜ መለኪያ አሳስቻለሁ። «እስከ አራት» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ትላለች፤ ከዚያ ያንኑ እንደገና።

«አምስት ላይ ነው እንግዲህ የተጠራጠርኩት» አለች። «አራት ድረስ ይዞኝ ነበር፤ አምስት ላይ የለቀቅሁት እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ እንደሱ አይደለም...»

«ግራው ይድናል ብላለች ነርሷ። በስንት ሳምንት?»

ልዋሽ አልኩ፤ ሌላ ቁጥር ግን አልመጣልኝም። «በስድስት» አልኳት።

«ለግራው ጾሙን በአምስተኛው እጀምራለሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።